ሽማግሌ የሌለበት ቤት

ጃጁራ ውስጥ የራት ሰዓት ሲቃረብ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሰው ይበዛበታል። የጎረቤት ልጆች ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ይገባሉ። ሶፋው ለትልልቆቹ ይለቀቃል፤ የቀረው ሰሌን ላይ፣ ዱካ ላይ፣ በሩ ደፍ ላይ ይደላደላል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ከሆሳዕና ወደ ደቡብ ምዕራብ ወጣ ብላ የምትገኘውን ይህችን የሀዲያ ከተማ ከኢስታንቡል ጋር የሚያገናኛት ጣሪያው ላይ የተተከለው ዲሽ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ ባሕር ዳር በተሠራ ትልቅ ቤት ውስጥ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሰው ወንድሙ ላይ አፍጥጦ ቆሟል። በወንድሙ መከዳቱን ያወቀው ዛሬ ነው። ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ካሜራው ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ዓይን ይመላለሳል። ቤቱ ውስጥ ሲኒ የሚያንቀሳቅስ እንኳ የለም።

ዝምታውን የሚሰብሩት አያትየዋ ናቸው። «እነዚህ ልጆች አጎት የላቸውም? ሽማግሌ የሚልክ ሰው ጠፋ?» ይላሉ። ልጆቹ ይስቃሉ። ከልጅ ልጆቻቸው አንዷ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ትመልሳለች፦ «አያቴ፣ ፊልም እኮ ነው። ሽማግሌ ከመጣማ ያልቃል!»

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች የውጭ ተከታታይ ድራማ ባለበት ቤት የዚህ ዓይነት ጥያቄና መልስ እንግዳ አይደለም። ልጅቷ ሳታስበው የተናገረችው የበቀል ድራማ የተሠራበትን ዋና ምስጢር ነው። በዳይና ተበዳይ አሉ፤ በደሉን የሚያውቅ ሰውም አይጠፋም። የሚጠፋው መሃል ገብቶ «ቆይ፣ ተቀመጡ፣ አንተ ተናገር፣ አንተ ስማ» የሚል ሦስተኛ ሰው ነው። ደራሲው ይህን ሰው ሆን ብሎ ከቤቱ ያስወጣዋል። እሱ ከወጣ በኋላ ቂሙ 40 ክፍልም 100 ክፍልም ይሄዳል።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ከተመልካቹ ጋር ካስተዋወቁት ሥራዎች አንዱን፣ «ጥቁር ፍቅር»ን እንመልከት። ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 «ካራ ፓራ አሽክ» በሚል ስም ያሳዩት ድራማ ነው። ዑመር የሚባል ፖሊስ እጮኛው ከአንድ ሀብታም ነጋዴ ጋር መኪና ውስጥ ተገድላ ትገኛለች። ነጋዴው የሌላዋ ዋና ገጸ ባሕርይ የኤሊፍ አባት ነው። ሁለቱ ሐዘንተኞች መጀመሪያ ይጠራጠራሉ፤ ቀጥሎ አብረው ገዳይ ፍለጋ ይወጣሉ፤ ከዚያ ይዋደዳሉ። እስከዚህ ድረስ ተራ የወንጀል ታሪክ ነው። ታሪኩን ከተራነት ያወጣው ገዳዩ የዑመር ታላቅ ወንድም ሁሴን ሆኖ መገኘቱ ነው። ሁሴን ራሱ ፖሊስ ነው፤ ሚስትና ልጆች አሉት። ከእናቱና ከታናሽ ወንድሙ ጋር ከአንድ ማዕድ ይቆርሳል።

እዚህ ላይ የደራሲዎቹን ብልሃት ልብ ማለት ይገባል። ተመልካቹ ገዳዩን ከዑመር ቀድሞ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ራት ጭንቅ ነው። ሁሴን ለወንድሙ ዳቦ ሲያቀብለው እናያለን። ዑመር ያገኘውን አዲስ ፍንጭ ይዞ የሚያምነውን ታላቁን ሲያማክር እንሰማለን። እናትየው ሁለቱንም በአንድ ዓይን እያየች ትመርቃቸዋለች። ተኩስና የመኪና ሩጫ ተመልካቹን እዚያ ቤት ውስጥ አላሰረውም፤ ያሰረው ማዕዱ ነው። አብሮ መብላት ቃል ኪዳን በሆነበት አገር፣ ቆጮው ከአንድ ቅጠል ላይ በሚነሳበት ቤት፣ ከገዳይ ጋር መቁረስ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳ አይገባውም። የሀዲያ ገበሬና የኢስታንቡል ደራሲ የተገናኙት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የዚህ ታሪክ ዘር ግን ከቱርክ ይርቃል። ፈረንሳዊው አሌክሳንደር ዱማ እ.ኤ.አ. ከ1844 ጀምሮ «የሞንቴ ክሪስቶው ኮንት»ን በፓሪስ ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ሲያወጣ አንባቢው የሚቀጥለውን እትም በጉጉት እንዲጠብቅ እያደረገ ይቆርጠው ነበር። ወዳጆቹ በሐሰት ከሰው እስር ቤት የጣሉት ወጣት ከዓመታት በኋላ ሀብታም ሆኖ፣ ስሙን ቀይሮ ይመለሳል፤ የበደሉትን አንድ በአንድ ይበቀላል። ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ2009 «ኤዘል» ያሉት ድራማ ይህንኑ ታሪክ ወደ ዘመናዊቷ ኢስታንቡል ያመጣ ነው። ባለታሪኩ እንደገና የተወለደ ያህል ፊቱ እንኳ ተቀይሮ ይመለሳል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2011 ተበዳዩን ሴት አድርገው «ሪቬንጅ» ብለው ሠሩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ቱርኮች የአሜሪካኖቹን ደግሞ «ኢንቲካም» ብለው በራሳቸው ልክ ሰፉት። ዛሬ ጃጁራ ሶፋ ላይ የተቀመጠች ልጅ የምታየው ታሪክ ከ180 ዓመት በላይ ሲወራረስ የኖረ ነው። ሁልጊዜም ተበዳዩ ለብቻው ይመለሳል፤ አብሮት የሚመጣ ዘመድ የለም።

ያ ሁሉ መፋጠጥስ? ለእሱም ምክንያት አለው። በቱርክ ቴሌቪዥን አንድ ክፍል በሳምንት አንዴ ይተላለፋል፤ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ይደርሳል፣ ያልፋልም። ማስታወቂያው የሚሸጠው በዚያ ርዝመት ነው። አንድ ሳምንት ውስጥ የፊልም ያህል ርዝመት መሙላት ያለበት ደራሲ በቃላት ብቻ አይዘልቀውም። ስለዚህ ዓይን፣ ሙዚቃ፣ በመስኮት ማየት፣ በዝግታ መዞር ይገባሉ። ወደ ውጭ ሲሸጥ ያው ክፍል ለሁለትና ለሦስት ይቆራረጥና በየቀኑ ይታያል። አንድ ቂም ከክረምት እስከ በጋ የሚቆይብን ለዚህ ነው።

ቃና ሲመጣ የአገር ውስጥ ፊልም ሠሪዎችና ተዋንያን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተቃወሙ። ስጋታቸው ተገቢ ነበር። ተሠርቶ ያለቀ ድራማ ገዝቶ በአማርኛ ድምፅ ማልበስ ከባዶ ጽፎ፣ ተዋናይ ከፍሎ፣ ቤት ተከራይቶ ከመቅረጽ በእጅጉ ይረክሳል፤ ማስታወቂያ አስነጋሪ ደግሞ ተመልካች ወዳለበት ይሄዳል። ባህል ይበረዛል የሚለውም ክርክር ተነሳ፤ በአብዛኛው ስለ አለባበስና ስለ መሳሳም። እኔ የሚቆጨኝ ዋናው ነገር ሳይነሳ ማለፉ ነው። ከልብሱም ከመሳሳሙም በላይ ወደ ቤታችን የገባው አንድ የጠብ አያያዝ ነበር። የተበደለ ሰው ዝም ይላል፤ ያደባል፤ ይሰልላል፤ ቀን ጠብቆ ይመታል። ይህን በየምሽቱ ያየ ልጅ ነገ ወንድሙን ይወጋል ማለቴ አይደለም፤ ሰው እንዲያ በቀላሉ አይቀረጽም። ጠብን እንደ ታሪክ ስናስበው ግን የሚመጣልን ቅርጽ አንድ ብቻ እየሆነ ነው።

የራሳችን ደራሲዎችም ቢሆኑ ከዚህ ነፃ አልነበሩም። በኢቲቪ «ገመና» ሲታይ፣ ቀጥሎም በ2003 ዓ.ም. «ሰው ለሰው» ሲጀምር ከተማ ከገጠር ሳይል ሰው ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰበ። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ደራሲ መስፍን ጌታቸው ለ«ሰው ለሰው» የፈጠሩት አስናቀ፣ በአበበ ባልቻ ፊትና ድምፅ ሕይወት ዘርቶ፣ ከስክሪን ወጥቶ በየሰፈሩ ስሙ የሚነሳ ሰው ሆነ። አበበ ባልቻ አስናቀን ሲጫወት አይጮህም። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ፈገግ ይላል፤ ያን ጊዜ ነው ተመልካቹ የሚሰጋው። የአስናቀ ክፋት የእኛ ክፋት ነበር፤ ሰላምታው፣ ትሕትናው፣ ጋባዥነቱ ሁሉ የምናውቀው ነው። የሐበሻ ቂም የሚታወቀው በፈገግታ ስለሆነ ያ ድራማ ከየትኛውም የውጭ ሥራ በላይ ወደ ውስጣችን ዘለቀ። ስለዚህ ችሎታው አለን። የጎደለን ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ሁለት ወንድማማቾች ሲጣሉ ጃጁራ አካባቢ ምን ይሆናል? በዚያ አገር ከሚሰማው ሁሉ የተለመደውን ልውሰድ። ታላቁ ደቡብ አፍሪካ ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ከሀዲያና ከከምባታ ወጣቶች ወደዚያ መጉረፋቸውን የማያውቅ የለም። ሱቅ ጠባቂ ሆኖ፣ ቀጥሎም የራሱን ሱቅ ከፍቶ ለዓመታት ብር ላከ። ታናሹ በተላከው ብር ሆሳዕና ላይ ቦታ ገዛ፤ ቤት ሠራ፤ ካርታው ግን በታናሹ ስም ወጣ። አባት ሲሞቱ ያልተካፈሉት የጓሮ እንሰትም አለ። ታላቁ ሲመለስ «ቤቴ» ይላል፤ ታናሹ «ላቤ» ይላል። አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው ዕድሜውን ከፍሏል። እናት የኖረችበት ምድጃ አጠገብ ሁለቱ አይነጋገሩም።

የኢስታንቡል ደራሲ ቢሆን ከዚህ ተነስቶ ሰነድ ያሰርቃል፣ ጠበቃ ይገዛል፣ የታናሹን እጮኛ ለታላቁ ያስወድዳል። ጃጁራ ላይ ግን ነገሩ እንደታወቀ ሰዎች መላላክ ይጀምራሉ። የአባት ወንድም ይመጣል፤ የጎሳው ታላላቆች ይጠራሉ፤ በዚህ ዘመን ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ይጨመራል። በመጀመሪያው ቀን ተበዳይ እሺ አይልም፤ ቶሎ እሺ ማለት በደሉን ማቅለል ነው። ሽማግሌዎቹም ይህን ስለሚያውቁ አይቀየሙም፤ ተነስተው ይሄዳሉ፤ ይመለሳሉ። የሚቀመጡት ዛፍ ሥር፣ ሣር ላይ ወይም ተደርድሮ በተዘጋጀ ወንበር ላይ ነው።

ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ። ሁለቱ ወንድማማቾች እርስ በርስ አይነጋገሩም፣ አይተያዩምም። ታላቁ ሲናገር ዓይኑ ሽማግሌው ላይ ነው፤ «ይህ ልጅ» ይላል እንጂ «አንተ» አይልም። ታናሹ አንገቱን ደፍቶ በእጁ ሣር ይነጫል። ጣልቃ ቢገባ ይገሠጻል። ታላቁ ሲጨርስ ሽማግሌው የሰማውን በራሱ አንደበት ይደግመዋል፦ «እንዲህ ብለሃል፤ ልክ ነኝ?» ሲደግመው ግን ነገሩ እንደነበረ አይደለም። ስድቡ ወድቋል፤ በደሉ ብቻ ቀርቷል። ታናሹ የወንድሙን ክስ የሚሰማው ከወንድሙ አፍ ሳይሆን ከአባቱ እኩያ አፍ ነው። ቀጥሎ የእሱ ተራ ነው። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ብቻቸውን ፈቀቅ ብለው ይመክራሉ። ነገሩ ካልበሰለ ቀጠሮ ይሰጣሉ፤ እስከዚያ ድረስ ማንም ማንንም እንዳይነካ በሁለቱም ወገን ተጠሪ ይያዛል።

የቱርክ ድራማ ሁለት ሰው ዓይን ለዓይን አፋጥጦ ደቂቃ ይፈጃል። እዚህ ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች ዓይን ለዓይን ለመተያየት ቀናት ይፈጅባቸዋል። ከሁለቱ የትኛው ነው ይበልጥ ድራማ? እኔ መልሴን አልደብቅም፤ ሁለተኛው ነው። በመጨረሻው ቀን «በሉ ተነሱ» ሲባል፣ ታናሹ ወደ ታላቁ ጉልበት ጎንበስ ሲል፣ ታላቁ ከመሬት ሳያደርሰው ሲያነሳው፣ ያኔ ነው መጀመሪያ የሚተያዩት። ያንን ለመቅረጽ ቪላ አያስፈልግም።

የጊዜ ገደቡንም ባህሉ ራሱ አበጅቶታል። የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ በመስከረም ሲቃረብ የተጣላ ሰው ታርቆ እንዲገባ ይጠበቃል። ወንዶች ዓመቱን ሙሉ ቱታ በሚባለው ማኅበር ብር ሲያጠራቅሙ ኖረው የሚገዙት ሰንጋ በጋራ ይታረዳል። ሴቶች ዊጆ በሚባለው ማኅበር ሲያጠራቅሙ የከረሙት ቅቤ ይወጣል፤ አተካና የሚባለው የበዓል ምግብ ይገነፋል። ከወንድሙ ጋር የማይነጋገር ሰው ያን ሥጋ እንዴት ይካፈላል? ሽማግሌው ነሐሴ ላይ «ያሆዴ እየደረሰ ነው» ሲል ሰዓት እየቆጠረ ነው። ከዚህ የበለጠ ልብ የሚሰቅል ቀነ ገደብ የትኛው ደራሲ ፈጥሯል?

ደም በፈሰሰበት ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የገዳይ ወገን ከሟች ወገን ዓይን ይርቃል፤ ገበያና ውኃ የሚጋሩ ሰዎች መንገድ ይቀይራሉ። ሽማግሌ የሚገባው ያኔ ነው፤ ካሳ የሚቆረጠው፣ መሐላ የሚፈጸመው። ዓላማው ገዳይን ከቅጣት ማዳን አይደለም፤ የመንግሥት ፍርድ ቤት በራሱ መንገድ ይሄዳል። ዓላማው የሟች ታናሽ ወንድም ሲያድግ ያባቱን ጦር እንዳይወለውል ነው። የበቀል ድራማ የሚጀምረው ልክ እዚያ ልጅ ላይ ነው። ሽምግልናም የሚሠራው ያ ልጅ ድራማ እንዳይሆን ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ግን ግማሹን ነው። ቀሪውን ግማሽ ለማየት ከዛፉ ሥር ተነስቶ ወደ ቤት መመለስ ያስፈልጋል። ቴሌቪዥኑ ፊት ከተቀመጡት የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ዛፉ ሥር የተቀመጡት ደግሞ ወንዶች ናቸው።

ሁለቱ ወንድማማቾች እህት አለቻቸው። ስለ ቤቱም ስለ እንሰቱም ሲነገር ስሟ አልተነሳም። በሕግ በኩል ነገሩ ግልጽ ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድና ሴት ልጅን በውርስ እኩል ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ የወጡት ሕጎችም የሴቶችን መብት አጠናክረዋል። ሕጉ ቢኖርም እህትየዋ አትከስም። ለምን? ባሏ ቢመታት፣ ትዳሯ ቢፈርስ፣ ብትታመም፣ የምትሸሸው ወንድሞቿ ቤት ነው። ወንድሟን ከሳ መሬት ብታገኝ መሸሻዋን ታጣለች። ስለዚህ ትተወዋለች፤ ሰውም «ጨዋ ናት» ይላታል። ባሏ በድሏት ሽማግሌ ቢቀመጥላት እንኳ እሷ ደጅ ሆና አባቷ ወይም ወንድሟ ይናገሩላታል። ፍርዱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ለልጆችሽ ብለሽ ተመለሺ»። ለእሷ ዕርቅ ማለት ዝም በይ ማለት ሆኖ ኖሯል።

ይቺ ሴት ማታ ቴሌቪዥን ስትከፍት ሌላ ሴት ታያለች። የተበደለች ሴት ናት፤ ግን አልተመለሰችም፣ አልተወችም። በሰፊ ደረጃ ላይ ቀይ ቀሚስ ለብሳ እየወረደች ያጎቶቿን ኩባንያ ልትረከብ ነው። ሁሉም ዝም ብለው ያዳምጧታል። ጃጁራ ላይ ያለችው እህት ይህን ስታይ ክፋት ተማረች የሚሉ ሰባኪዎች አሉ፤ አልስማማም። የምታየው መደመጥን ነው። በየምሽቱ ለ45 ደቂቃ አንዲት ሴት ተራዋ ደርሶ ስትናገር ታያለች። ዛፉ ሥር ያላገኘችውን ተራ ከኢስታንቡል ተበደረች። የበቀል ድራማ እንዲህ የተወደደበትን ምክንያት የሚፈልግ ሰው የቱርኮችን መልክና ቪላ ትቶ የእኛን የሽምግልና ጉድለት ቢመረምር ይሻለዋል።

ጉድለቱ የማይሞላ አለመሆኑን ደግሞ ጎረቤት ከምባታ አሳይታለች። ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ጋር በ1989 ዓ.ም. የመሠረቱት ኬኤምጂ የተባለ ድርጅት የዱራሜን ከተማ ማዕከሉ አድርጎ የማኅበረሰብ ውይይት የሚባለውን ሲያስጀምር፣ ሴቶችና ወንዶች፣ ሽማግሌና ልጃገረድ በአንድ ላይ ተቀምጠው ስለ ግርዛት፣ ስለ ጠለፋ፣ የሟችን ሚስት ስለ መውረስ ተነጋገሩ። ያ ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ እንኳ የማይወራ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ እያየ ተዳረች። እስኪ አስቡት፤ ይህ ሠርግ ስንት ክፍል ድራማ ነው? የሙሽራው እናት ምን አለች? ሰፈሩ ምን ብሎ አንሾካሾከ? ሙሽሪት ሌሊቱን እንዴት አደረች? ቦጋለች በ2012 ዓ.ም. ሲያርፉ ዓለም ዘግቦላቸዋል። አንድ የአማርኛ ተከታታይ ድራማ ግን ያንን ሠርግ ማዕከሉ አድርጎ አላየሁም።

ከዚህም የከበደ ታሪክ አለ። አባት በሬ ሸጦ፣ መሬት አስይዞ ልጁን ወደ ደቡብ አፍሪካ ይልካል። ደላላው የሩቅ ሰው አይደለም፤ የመንደሩ ልጅ፣ ምናልባትም የሚስት ዘመድ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት አንድ የጭነት መኪና ኮንቴነር ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነገረ። እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር በሀዲያና በከምባታ ቤቶች ስልክ ይያዛል፤ የልጁ ቁጥር እየተደወለ አይነሳም። መርዶ ከመጣ በኋላስ? ደላላው ለቅሶ ይመጣል? የሟች አባትና ደላላው የአንድ እድር አባል ናቸው፤ ድንኳኑን አብረው ይተክላሉ? አባቱ ራሱ ነው በሬውን የሸጠው፤ ማንን ይበቀላል?

በቀል ቀጥ ያለ መንገድ የሚኖረው በዳዩ ጥርት ብሎ ሲታወቅ ነው። የእኛ ቤት ጠብ አብዛኛው እንዲህ ጥርት አይልም። የኢስታንቡሉ ሁሴን እንኳ ሰው ገድሎም የወንድሙን ሳህን የሚሞላ ሆኖ ስለተጻፈ ነው የተወደደው። ከዚያ ታሪክ የተረፈን እሱ እንጂ ተኩሱ አይደለም።

ተከታታይ ድራማ እንዲህ ያለውን የተወሳሰበ ነገር ሊሸከም መቻሉን ደግሞ እዚሁ አገር አይተነዋል፤ በቴሌቪዥን ሳይሆን በሬዲዮ። ዶ/ር ንጉሤ ተፈራ የመሩት ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 ያስተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍል ነበረው። ፍቅርተ የምትባለውን ገጸ ባሕርይ የሚያስታውሱ ዛሬም አሉ። ያ አጻጻፍ የተወረሰው ከሜክሲኮዊው ሚጌል ሳቢዶ ነው። ሳቢዶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአገሩን ቴሌኖቬላ ሲሠራ ከደጉና ከክፉው ሌላ መሃል ላይ የሚዋልል ሰው ያቆም ነበር። ዛሬ ወደዚህ፣ ነገ ወደዚያ የሚል፤ ሚስቱን የሚወድ ግን እናቱን የሚፈራ፤ ልጁን ማስተማር የሚፈልግ ግን ሰው ምን ይለኛል የሚል። አድማጩ ራሱን የሚያገኘው እሱ ላይ ነው። ለ«የቀን ቅኝት» ከየአካባቢው ብዙ ሺህ ደብዳቤ የጎረፈውም ሰው የራሱን ቤት ስለሰማበት ነው። የበቀል ድራማ የሚዋልል ሰው አይወድም። ሽምግልና ግን የሚሠራው በሚዋልሉ ሰዎች ነው፤ ታላቁ ወንድም ትናንት እንቢ ብሎ ዛሬ ሊያስብበት ነው።

ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ነው። የሚጽፉ ወጣቶች አሉ፤ ስልክ ካሜራ ሆኗል፤ በሀዲይኛም በከምባትኛም አጫጭር ድራማ እየሠሩ በዩቲዩብ የሚለቁ ሞልተዋል። ብዙዎቹ ግን ያዩትን እየደገሙ ነው፤ ሱፍ ለብሶ የሚዝት ባለ ሀብት፣ በር ሥር ቆማ የምትሰማ ሴት፣ ድንገት የተገኘ ፎቶግራፍ። ለእነሱ የምለው ያንን ተዉት ሳይሆን ከዚያ የሚበልጥ በእጃችሁ አለ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ጣቢያዎችም የበጀት ወረቀት ሲያዘጋጁ አንድ ተከታታይ ድራማ ከዚህ አገር፣ ከዚህ አገር ሰው ብዕር ቢገዙ ተመልካቹ ዝግጁ ነው፤ አያትየዋ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሽማግሌ ሲጠይቁ ነበር።

የመጀመሪያውን ክፍል መጻፍ አይከብድም። ታላቁ ከደቡብ አፍሪካ መጥቶ የሆሳዕናውን ቤት በር ያንኳኳል፤ የሚከፍተው የማያውቀው ተከራይ ነው። አሥረኛው ክፍል ላይ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ሐያኛው ላይ ነሐሴ ያልቃል፤ የቱታው ሰንጋ ተገዝቷል፤ ወንድማማቾቹ ግን ገና አልተያዩም። ሽማግሌው «ሌላ የሚናገር አለ?» ብሎ እንደ ልማዱ ይጠይቃል፤ መልስ ስለማይጠብቅ በትሩን ይዞ ሊነሳ ነው። ያኔ እህትየዋ ቡናውን ትታ ትመጣና ከወንዶቹ መሃል ትቀመጣለች። «እኔ አለሁ» ትላለች። ወንድሞቿ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው እርስ በርስ ይተያያሉ።